ቅባቱ እስኪደርቅ

ሰኔ 3 ቀን 1979፣ ድሬዳዋ

ጉግሳ ዛሬ ጠዋት በሬዲዮ መጠገኛ ሱቄ በር አለፈ። እንዳላየኝ ሆኖ አንገቱን ወደ መጋላ ሰፈር አዞረና አለፈ። ይለፍ። ድሬዳዋ ጠባብ ናት፤ ዞሮ ዞሮ እጄ ላይ ይወድቃል።

ለማንም የማልናገረውን እዚህ ልጻፈው፣ አለበለዚያ ሆዴ ይፈነዳል። አብሮኝ ሬዲዮ የሚጠግነውን ወንድሜን ሀብተ ማርያምን ባለፈው ወር ከባቡር ጣቢያው፣ ከለገሃር አፍሰው ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። የጅቡቲ ባቡር ሲገባ ወታደሮች ግራ ቀኙን ዘጉና ወጣት የሆነውን ሁሉ እየለቀሙ ካሚዮን ላይ ጫኑ። ጉግሳ የቀበሌው ላንድሮቨር ላይ ቆሞ «ተረጋጉ፣ መታወቂያችሁን አውጡ» እያለ በድምፅ ማጉያ ይለፍፍ ነበር። ሀብቴ አየውና በስሙ ጠራው አሉ። ደጋግሞ ጠራው። ጉግሳ ፊቱን አዞረ።

ሌላ ሰው ቢሆን እንዲህ ባላንገበገበኝ። ጉግሳ ግን አጥር ብቻ የሚለየን የጎረቤት ልጅ ነው። እናቱ እትዬ አስካለማርያም ሥራ ሲውሉ ከሀብቴ ጋር በአንድ ሳህን ያበላችው እማዬ ናት። ዛሬ የቀበሌያችን ወጣቶች ማኅበር ሊቀ መንበር ሆነና ማጉያ ጨበጠ። አንድ ቃል ቢናገር ይለቁት ነበር። «ይሄ የሰፈሬ ልጅ ነው፣ እናቱን የሚጦር ነው» ማለት ምን ያቅታል?

እማዬ ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ እያለች ታለቅሳለች። እኔ አላለቅስም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ሰኔ 6

እማዬ ዛሬም ጠየቀችኝ። ያን ቀን ሀብቴ ለገሃር ምን ሊሠራ ሄደ? ማን ላከው?

ወጣት ነው፣ እግሩ ወደ መራው ይሄዳል አልኳት። ሻይዋ ቀዝቅዞ ነበር፤ ላሙቅልሽ ብዬ ተነሳሁ።

ሰኔ 9

ካልቱን መጣች። ካልቱን በባቡር እየተመላለሰች ከጅቡቲ ዕቃ የምታመጣ ወዳጄ ናት። ሱቄ ውስጥ ካለው ዕቃ ግማሹ በእሷ ድሪያ፣ በዚያ ሰፊ ቀሚስ ስር ተደብቆ ነው ኬላ ያለፈው። ምልምሎቹ የሚገቡበት የጦር ማሠልጠኛ መኮንኖች ሳይቀሩ ሲጋራና ሽቶ የሚገዙት ከእሷ ነው፤ የማታውቀው ባለ ማዕረግ የለም።

ፊቷን ጥላ ገባችና አንዲት ቱቦ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ነጩ ቅባት ነው። ትራንዚስተር ከአልሙኒየሙ ጋር ሲታሰር መሃላቸው የሚቀባው፣ ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚያሻግረው። በዚህ አገር ሙቀት ያለ እሱ የሚሰነብት አምፕሊፋየር የለም፣ ከከተማው ደግሞ ከጠፋ ቆይቷል።

«ወላል፣ እህቴ፣ ሀብቴ ይሄን ከእጄ ሳይቀበል ነው የያዙት» አለችኝ። «ከባቡር ሳልወርድ በመስኮት አይቼዋለሁ። እጁን አውለበለበልኝ።»

ስለ ልጇ ስለ ዑመር ጠየቅኋት። ያላት እሱ ብቻ ነው። አልሐምዱሊላህ አለች፤ አፈሳው እስኪበርድ መልካ ጀብዱ አያቱ ዘንድ ከከተማው ውጭ አስቀምጣዋለች።

ቱቦዋን መሳቢያ ውስጥ ከታች ከተትኳት። አልከፍታትም።

ሀብቴ የተያዘ ቀን ሥራ ተቆልሎብኝ ነበር። ሦስት አምፕሊፋየር ቅባት ይጠብቅ ነበር፣ ባለቤቶቹ በየቀኑ እየመጡ ይጨቀጭቁኛል። ደግሞስ አፈሳ መኖሩን ማን ያውቃል? የሚያውቀው ጉግሳ ነው።

ሰኔ 14

ይኸው በገዛ እግሩ መጣ። የቀበሌው ሾፌር ሮብሌ አምፕሊፋየሩን ተሸክሞ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። ስብሰባ ሲረዝም ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ጭራሹን ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል አለኝ። በሽታውን ሳልከፍተው አወቅሁት። ቅባቱ ደርቋል።

ጉግሳ ቁጭ ብሎ ልቡን ከፈተልኝ። መስከረም ሁለት ለአብዮት በዓል የፓርቲው ትልልቅ ሰዎች ወደ ቀበሌያችን ይመጣሉ፤ በዓሉን በንግግር የሚከፍተው እሱ ነው። ማሽኑም በስሙ ተፈርሞ የተሰጠው ነው። ያን ቀን ዝም ቢል አሻጥር ነው ይሉኛል፣ አንገቴ ነው የሚሄደው አለኝ። ጅል። የት ላይ እንደምመታው ራሱ አሳየኝ።

ሲወጣ መሬት መሬት እያየ «ከሀብቴ ወሬ አለ?» አለ።

«አንተ ታውቃለህ እንጂ እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩት።

ሮብሌ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

ሰኔ 15

ሱቁን ከውስጥ ቆልፌ ከፈትኩት። እንዳልኩት ነው። ከትራንዚስተሮቹ ስር ያለው ቅባት እንደ ኖራ ደርቆ በጥፍሬ ሲነካ ይረግፋል። ፋቅሁት፣ በአልኮል አጠብኩት፣ ኤሌክትሪኩን የሚያግዱትን ስስ ሚካዎች አንድ በአንድ ለብርሃን ይዤ አየሁ። አልተቀደዱም። ንጹሕ ሥራ ሠራሁ። አባቴ ነፍሱን ይማረውና የምድር ባቡር ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ ይህን ሥራ ያስተማረኝ እሱ ነው። ቅባቱን በስሱ አልብሺው፣ ሲበዛ ብርድ ልብስ ይሆንበታል ይለኝ ነበር።

ከዚያ መሳቢያውን ሳብኩ። ቱቦዋን አየኋት። መልሼ ዘጋሁት።

ለዚህ ማሽን? ሀብቴ ሊቀበል በሄደበት ቅባት ሀብቴን ያስጫነውን ጡሩንባ ላድን? አቦ፣ እጄ ይቆረጥ።

የጥርስ ሳሙናም ነጭ ነው። ለዓይን አይለይም። እርጥብ እያለ ሙቀት የሚያሳልፈው ከዋናው ቅባት ባልተናነሰ ነው። ውሎ ሲያድር ግን ውሃው ይተናል፣ ይሰነጠቃል፣ ዱቄት ይሆናል። ድሮ ቅባት ሲጠፋ አንድ የመጋላ ጠጋኝ ሲሠራበት አይቼ ስቄበት ነበር። ዛሬ ከመታጠቢያው መስኮት የእማዬን የጥርስ ሳሙና አመጣሁ።

በስሱ ቀባሁት፣ አባቴ እንዳስተማረኝ። ብሎኖቹን አጠበቅሁ። ክረምቱን ሁሉ ቀስ እያለ ይደርቃል፣ መስከረም ላይ ይደርሳል። ይህን ሳስብ ስንት ሳምንት ያልመጣው ረሃብ መጣና ሁለት ሳህን በላሁ።

ሰኔ 17

ጉግሳ ማልዶ መጣ። ገና አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ማሽኑ እንደ አዲስ ጮኸ። ሙከራ፣ ሙከራ እያለ ደጋግሞ ተናገረበት፤ ደስታው ፊቱ ላይ ተነበበ። በጣም አመሰገነኝ።

ምን ላድርግለት፣ እንዴት ልያዘው ብሎ ጠየቀኝ። «ፀሐይ እንዳይነካው ጠብቀው» አልኩት። ከኋላው ያሉት ክንፎች ንፋስ ይፈልጋሉ፣ አትሸፍናቸው የሚለውን አልነገርኩትም። አልጠየቀኝማ።

ሐምሌ 2

ምንም። ትናንት በከዚራ ሰፈር ሲለፍፍ ሰማሁ፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነው።

ሐምሌ 9

የቀበሌ ስብሰባ። ሆን ብዬ ፊት ተቀመጥኩ። ሙቀቱ ሰውን እንደ ሻማ ያቀልጣል፤ ሕፃናት ያለቅሳሉ፣ ሴቱ በነጠላው ያራግባል። እኔ ጆሮዬን አቁሜ የድምፁን መሰንጠቅ ጠበቅሁ። አልተሰነጠቀም። ስብሰባው እስኪያልቅ ምንም አልሆነም።

ጭራሽ ጉግሳ በማይክራፎኑ ስሜን ጠርቶ ጓድ አሰገደችን እናመስግን አለ፤ ሕዝቡ አጨበጨበልኝ። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ እጅሽ ይባረክ አለችኝ። የሀብቴን ስም አንስቶ እግዜር ይመልሰው ያለ ግን አንድም ሰው የለም።

ታግሼ እጠብቃለሁ።

ሐምሌ 22

ዛሬ ቤታችን ወሬ ገባ። ጃማዕ የሚባል የመጋላ ልጅ ከሀብቴ ጋር ታፍሶ ነበር፤ ታሞ ከማሠልጠኛው ተመለሰ። ሀብቴ ደህና ነው አለን። ከእሱ ጋር የተጫኑት ሁሉ ወደ ሰሜን ግንባር ሲላኩ እሱን አስቀርተው መገናኛ ክፍል አስገቡት፤ ሬዲዮ ይጠግናል። ገና የማሠልጠኛው በር ላይ ስሙ ሲጠራ ሻምበሉ «ቴክኒሻኑ የታለ?» ብሎ ጠየቀ አለ ጃማዕ።

እማዬ ተንበርክካ መሬት ስማ ተነሳች። ከዚያ ጥያቄዋን ጀመረች። ቴክኒሻን መሆኑን ለሻምበሉ ማን ነገረው?

ሀብቴ ራሱ ይሆናል፣ ብልጥ ነው አልኳት። ጃማዕ አይ፣ ሀብቴም ግራ ገብቶት ነበር አለ። የታመመ ልጅ ብዙ አይታመንም፤ ትኩሳት ላይ ነበር።

ነሐሴ 4

ሮብሌ ለሬዲዮው ባትሪ ሊገዛ መጣና መሄድ አቃተው። ቆሞ ዕቃ ያነሳል፣ ይጥላል። ምን ፈልገህ ነው አልኩት።

«አሰጉ፣ ያን ቀን መኪናውን የያዝኩት እኔ ነኝ» አለ። «ጉግሳ ፊቱን አዞረ ይሉሻል። አዎ አዙሯል። አፈሳውን ወደሚመራው ሻምበል ነው ያዞረው። ወርዶ ስለ ሀብቴ በጆሮው ተናገረው።»

ሾፌር የጌታውን ዳቦ ይበላል አልኩት። ሮብሌ ቀና ሰው ነው፣ ወላሂ ብሎ ማለ፤ እኔ ግን ባትሪውን በእጁ አስይዤ ሸኘሁት።

እሺ፣ ተናግሯል እንበል። በጆሮ ማንሾካሾክ ከቻለ ልቀቁት ማለት እንዴት ያቅተዋል? ግማሽ ቃል ተናግሮ ግማሹን ዋጠ ማለት ነው። ደግሞ ከሆነ ለምን ራሱ አልነገረኝም? በሱቄ በር በየቀኑ ያልፋል። ሰው ደግ ሠርቶ ይደብቃል? ክፉ ነው የሚደበቀው።

እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ሌላ ነገር ሳይሆን የአልጋው ሙቀት ነው።

ነሐሴ 10

ፍልሰታ ነው። እማዬ ለቅዳሴ ስትወጣ ተነሽ አለችኝ፤ አልሄድም አልኳት። በር ላይ ቆማ ብዙ አየችኝ።

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አለች። «ደግ አደረግሽ፣ እንኳን ቀረሽ።»

ማታ ተመልሳ ነገሩን ቀጠለች። ልጄን የወሰዱት ባለ ጠመንጃዎቹ ናቸው፣ አንቺ ግን የምትጠምጂው የአስካለማርያምን ልጅ ነው፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉሻል ይሄ ነው አለች። ከእትዬ አስካለማርያም ጋር ታርቃለች ማለት ነው። በአጥሩ ላይ ሽሮ ሲቀባበሉ አይቻለሁ።

ከዚያ ደግሞ፣ ማንንም መጥመድ ካለብሽ ያን ቀን ልጁን ለገሃር የላከውን ሰው ጥመጂ አለችኝ። ታውቃለች? ዓይኗን ላየው አልቻልኩም። እኔ በማግሥቱ ሂድ ብዬው ቢሆን ኖሮ…

አይ። አፈሳው የማንም ሥራ አይደለም፣ የጉግሳ ነው።

ጳጉሜን 3

በዓሉ ደረሰ። ካቻቢቴዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ እስከ ቀበሌው በር ሄድኩ። አንድ ጊዜ ልየው፣ ለበዓሉ ላጽዳው ብል ማንም አይከለክለኝም። ቱቦዋንም ይዣት ነበር። ለምን እንደያዝኳት እኔም አላውቅም።

ጉግሳ ግቢው ውስጥ ባንዲራ የሚሰቅሉትን ልጆች ያዛል። እየሳቀ ነበር። ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ።

ተመለስኩ።

መስከረም 2 ቀን 1980፣ ከቀትር በኋላ

ቶሎ ልጻፍ። ማሽኑ ሞተ። መሃል ንግግሩ ላይ። ጭሱን አየሁት።

መስከረም 2፣ ማታ

አሁን በሥርዓት ልጻፈው።

ትልልቆቹ ሰዎች ማለዳ ይመጣሉ ተብሎ ሕዝቡ ከንጋት ጀምሮ ተሰለፈ። ሳይመጡ ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ማርሽ በቴፕ ሲዘፈን ረፈደ፣ ማሽኑ ሳያርፍ ሠራ። እኔ ከዘማች ቤተሰቦች ጋር ጥላ ስር አስቀምጠውኝ ነበር።

ከዚያ ጉግሳ ያደረገውን አየሁ። በእኛ ከተማ ውሃ እንዲቀዘቅዝ ጀሪካኑን ጆንያ ያለብሱት የለ? አምፕሊፋየሩንም ጆንያ አጥፎ ከላይ እስከ ታች አልብሶታል፤ ለክብር ደግሞ ላዩ ላይ ቀይ ከፈይ ደርቦበታል። ክንፎቹ አይታዩም። ፀሐይ እንዳይነካው ነው። ያልኩትን ነው የጠበቀው። በየመሃሉ እየመጣ ከፈዩን ያስተካክልለት ነበር።

እንግዶቹ መጡ። ጉግሳ ንግግሩን ጀመረ። ድምፁ መጀመሪያ ሻከረ፣ ቀጥሎ ተሰነጠቀ፣ ከዚያ ጡሩንባው እንደሚያቃስት ሰው አለና ዝም አለ። ከጆንያው ስር ጭስ ወጣ። ጉግሳ አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ምንም አይሰማም። ከኋላ ልጆች ሳቁ። አንደኛው እንግዳ ተነስቶ ወደ መኪናው ሄደ። እዚያው መድረኩ ላይ ጉግሳን በሁለት ክንዱ ያዙት።

ይህችን ሰዓት ክረምቱን ሙሉ ስጠብቃት ኖሬአለሁ። ጥሩ ናት። እንደጠበቅኋት ጥሩ ናት እያልኩ ነው የምጽፈው።

እትዬ አስካለማርያም ነጠላቸው ወድቆ ልጃቸውን ከጫነው መኪና ኋላ ሲሮጡ አየሁ።

መስከረም 6

ቀበሌው አዳራሽ ጠሩኝ። በከተማው ከአንቺ ሌላ ይህን ማሽን የሚያውቅ የለም ብለው ከፍቼ ምክንያቱን እንድናገር ነው የፈለጉት። እኔን። ከፓርቲው የመጡት ሰውዬ መነጽራቸውን አውልቀው «ጓድ አሰገደች፣ ወንድምሽ በግዳጅ ላይ ነው፤ ለአብዮቱ ታማኝ ነሽ። እውነቱን ንገሪን» አሉኝ። ጉግሳ ጥግ ላይ በሁለት ጠባቂ መሃል ቆሟል። አንድ ዓይኑ አብጧል።

ከፈትኩት። ሳሙናው ነጭ ዱቄት ሆኗል፤ ሽታው እንኳ የለም። ትራንዚስተሮቹ ተቃጥለዋል። ሰውየው ጎንበስ ብለው ይሄ ነጭ ነገር ምንድን ነው አሉኝ። የፋብሪካ ቅባት ነው፣ ሲቃጠል እንዲህ ይሆናል አልኩና በአውራ ጣቴ ጠረግኩት። ቀሚሴ ላይ አበስኩት። ማንም ልብ አላለም።

ታዲያ ምክንያቱ ምንድን ነው አሉኝ። እንዲሁ አርጅቷል ብል ይበቃ ነበር። ሙቀት ነው፣ ድሬዳዋ ነው፣ እግዜር ያመጣው ነው ብል ይበቃ ነበር።

«መተንፈሻውን ሸፍነውታል» አልኩ። «ጆንያና ከፈይ አልብሰውታል። ታፍኖ ነው የሞተው።»

ጉግሳን ይህን ስለምን እንዳደረገ ጠየቁት። ፀሐይ እንዳይነካው ያለችኝ እሷ ናት ይላል ብዬ ጠበቅሁ። መልሱን አዘጋጅቼ ነበር። ጉግሳ ግን ወደ እኔ አየና ወደ እሳቸው ዞረ።

«አሰጉ ካለች ልክ ነው። ሥራዋን ታውቃለች» አለ።

በአሻጥር ተጠርጥሮ ከቀበሌው በላይ ወዳለው ከፍተኛ ወሰዱት። እንዲህ ያለው ሊያሳፍረኝ ብሎ ይሆናል። አላፈርኩም።

መስከረም 14

ማጉያውን ለእኔ ሰጡኝ። ባለሙያ ነሽ፣ የዘማች ቤተሰብ ነሽ፣ ከእንግዲህ ማሽኑም ልፈፋውም በአንቺ እጅ ይሁን አሉኝ። እምቢ ማለት አይቻልም። ማን እምቢ ይላል?

በአዲስ ትራንዚስተር ሠራሁት። ቱቦዋን ከፈትኳት። ሌላ ቅባት የለኝም፤ ከእንግዲህ ማሽኑ ዝም ቢል የሚሄደው የእኔ አንገት ነው። እየቀባሁ ሳለ እማዬ ገባችና ቱቦዋን አንስታ አየቻት፤ ከየት መጣች ሳትለኝ መልሳ አስቀመጠቻት። በአጥሩ ማዶ እትዬ አስካለማርያም ስንቅ ቋጥረው ሲወጡ ሰማሁ።

ጥቅምት 3

ለማን ልናገር።

ትናንት ማታ ወረቀት ሰጡኝ፣ ዛሬ ጠዋት አነበብኩት። በባቡር ስኳር መጥቷል፣ የቀበሌው ነዋሪ ሁሉ ካርዱንና መያዣውን ይዞ ለገሃር እንዲመጣ የሚል ነው። ሮብሌ እየነዳ፣ እኔ እየለፈፍኩ ከከዚራ እስከ መጋላ፣ የዳቻቱን ወንዝ ተሻግረን ሁሉንም ሰፈር አዳረስን። ስኳር ከጠፋ ስንት ጊዜው ነው፤ ሰው እየሮጠ ወጣ። ሴቶቹ ድምፄን ስለሚያውቁት ከየበሩ እጃቸውን ያነሱልኝ ነበር።

ለገሃር ሲሞላ ወታደሮቹ ግራ ቀኙን ዘጉ።

አላወቅሁም። ማንም አልነገረኝም። የተሰጠኝን ነው ያነበብኩት። ሮብሌ መሪውን ይዞ «ጉግሳንም እንዲሁ ነበር ያደረጉት» አለ፣ ወደ እኔ ሳያይ።

ዑመርን አየሁት። የካልቱን ዑመር። መልካ ጀብዱ መሆን ሲገባው ጆንያ በትከሻው ይዞ ሰልፉ ውስጥ ቆሟል። ካልቱን የአሰጉ ድምፅ ከሆነማ እውነት ነው ብላ፣ ስኳሩን እንዲሸከምላት ልካ አስጠርታዋለች። ክንዱን ሲይዙት እሷ ከሰው መሃል ወጥታ ወደ ላንድሮቨሩ ሮጠች። ጎማው ላይ እጇን አሳርፋ ወደ ላይ አየችኝ።

«ወላል፣ ንገሪያቸው። ታውቂዋለሽ።»

ሻምበሉ አጠገቤ ነበር። አፌን ከፈትኩ። እሱ ዞር ብሎ «ምን አቆመሽ? አንብቢ» አለኝ። ተረጋጉ፣ መታወቂያችሁን አውጡ የሚል ነው ወረቀቱ። አነበብኩ።

ምን ማድረግ እችል ነበር? አንዲት ሴት፣ በዚያ ሁሉ ጠመንጃ ፊት። የትኛው ሰው ይችል ነበር?

ማሽኑ እስከ መጨረሻው ጥርት ብሎ ሠራ።

ጥቅምት 9

ዛሬ ካልቱን መጣች። አትመጣም ብዬ ነበር። ሲያዩኝ በር የሚዘጉ ሴቶች አሉ፤ እሷ ግን እንደ ወትሮዋ ድሪያዋን ሰብስባ ገባች፣ በርጩማ ሳበችና ተቀመጠች። ሻይ አመጣሁላት፣ ጠጣች። ስለ ባቡሩ መዘግየት አወራችኝ፣ ስለ ኬላው ፈታሽ አወራችኝ። የእማዬን ጉልበት ጠየቀችኝ። ስለ ዑመር አንድም ቃል አላነሳችም። እኔ ላንሳው ብዬ ስጀምር እጇን ጉልበቴ ላይ አሳርፋ ተይው፣ የአላህ ነገር ነው አለችኝ። ከዚያ ፈገግ አለች። ልቤ ቀለለኝ፤ ካልቱን ሆደ ሰፊ ናት፣ ገብቷታል አልኩ።

ልትሄድ ስትነሳ ነው የጠየቀችኝ። ነገ ለመኮንኖቹ ሲጋራ ይዛ ወደ ማሠልጠኛው ትሄዳለች።

«ሀብቴ መገናኛ ክፍል ነው ያልሽኝ፣ አይደል?» አለች። «አለቃው ማን ነው ስሙ?»

ነገርኳት። ከጃማዕ የሰማሁትን ሁሉ፣ ክፍሉንም አለቃውንም ነገርኳት። ስሙን በአፏ ደገመችው፣ እንዳትረሳው። ከዚያ በኋላ ነው ዓይኗን ያየሁት፣ በሩን ስታልፍ፤ ሰኔ ላይ እኔ ጉግሳን ያየሁበት ዓይን ነበር።